ከሊማሊሞ የመጣው በርሜል

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። በእኔ በራሴ የደረሰ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የክስ መዝገብም አለው። መዝገቡ ውስጥ ያልተጻፈውን ነው የምነግራችሁ።

ደግሞ ጨለማ አትጠብቁ። ሁሉም የጀመረው በጠራራ ፀሐይ ነው... ደባርቅ፣ ከሱቄ ጀርባ ባለችው መጋዘን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ። የዙህር አዛን ገና ማለቁ ነበር።

ዚነት እባላለሁ። ጀሪካን፣ ገመድና ሸራ እሸጣለሁ።

አምና በጥቅምት አንድ የጭነት መኪና ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። የጫናቸው በርሜሎች ወደ ገደሉ ተንከባለሉ። ባለቤቴ ሸሀቡ ከዛሪማ ሸቀጥ ይዞ እየወጣ ነበር። ሌላው ሰው ከሽታው ሲሸሽ እሱ ሹፌሩን ሊያወጣ ገባ።

አወጣው። ሹፌሩ ዳነ።

ሸሀቡ በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ሳንባው ተቃጥሏል አሉን። በምን እንደተቃጠለ የሚነግረን ግን ጠፋ። ከመንገዱ ስር ያሉ አስራ አንድ ቤተሰቦችም ከብቶቻቸው አለቁባቸው። ሰዎቹ ራሳቸው ዓይናቸው ማንባት ጀመረ... ሳያቋርጥ።

ከሰስን።

የጭነት ድርጅቱ የሰጠው መልስ አጭር ነበር። የጫንነው የሳሙና መሥሪያ ነው፤ አርባ በርሜል ጫንን፣ አርባውንም ከገደሉ ለቅመን ወስደናል፣ አለ።

ግን አርባ አንደኛ በርሜል ነበረ።

ያገኙት አያ ያርጋል ናቸው፤ ከከሳሾቹ አንዱ፣ ሽማግሌ ገበሬ። ቁጥቋጦ ውስጥ ተሰንቅሮ አግኝተው፣ በበቅሎ ጭነው፣ በገለባ ሸፍነው አመጡልኝ። ትንሽ የብረት በርሜል ነው። ክዳኑ አልተከፈተም። የራስ ቅል የተሳለበት ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበታል።

«አንቺ ቁልፍ ያለው ቤት አለሽ» አሉኝ። «አደራ ልጄ። የአስራ አንድ ቤት አደራ ነው።»

ተቀበልኳቸው።

ጠበቃችን ቃለ አብ ከጎንደር እየተመላለሰ በነጻ የቆመልን ወጣት ነው። አደገኛ ጭነት በባቡርም ሆነ በመኪና ሲሄድ ወረቀቱና ዕቃው መግጠም አለበት፣ ካልገጠመ ጫኙ ይጠየቃል ብሎ አስረዳን። ፎቶ ብቻውን ግን አይበቃም። ፍርድ ቤቱ ባለሙያ መድቦ እስኪያስከፍተው ድረስ በርሜሉን ማንም እንዳይነካው አለን።

ከጠበቃው፣ ከአያ ያርጋልና ከእኔ ሌላ በርሜሉ የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ወንድሜ ሙሰዓብ።

እናታችን ስትሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አግብቶ ዳባት ከገባ በኋላም በየሳምንቱ መጥቶ ዕቃ የሚያወርድልኝ፣ የመጋዘኑ ሁለተኛ ቁልፍ ያለው እሱ ነው። የሸሀቡን ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱም እሱ ነበር።

በርሜሉ መጋዘን ከገባ በሦስተኛው ቀን... ድምፅ ሰማሁ።

ዷ!

አንድ ጊዜ ብቻ። ከውስጥ በጡጫ የመቱት ይመስል ነበር።

ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ተኩል።

በማግስቱም በዚያው ሰዓት... ዷ!

ለቃለ አብ ደወልኩለት። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል በርሜሉ ያብጣል፣ አትፍሪ አለኝ። አመንኩት። ግን ደመና በሆነ ቀንም ይመታ ነበር። ጉም ከተማውን በዋጠበት ቀንም... ልክ ስድስት ተኩል ላይ።

ከዚያ አይጦቹ ጠፉ።

ያን መጋዘን አይጥ ለቆት አያውቅም። አንድ ጥዋት ገብቼ ሳይ ሸራውን የሚቆረጥም የለም። ዝንብ የለም። ሸረሪት እንኳ ድሯን ትታ ሄዳለች።

ድመቴም ደጃፉ ላይ ትቆማለች እንጂ አትገባም። ወደ ውስጥ ታያለች... ጸጉሯ ይቆማል... ትመለሳለች።

እንዲህ ሆኖ ሰባት ወር ከረመ። ለመድኩት። እንዲያውም እውነቱን ልንገራችሁ፣ ድምፁን መጠበቅ ጀመርኩ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እያስተናገድኩ ጆሮዬ እዚያ ነው። ዷ ሲል እፎይ እላለሁ። አለ ማለት ነው። ሸሀቡን የገደለው ነገር አለ፣ አላመለጠም።

በሰኔ ቀጠሮ ተሰጠን። በርሜሉ ሐሙስ ሊከፈት ተወሰነ።

ማክሰኞ ሙሰዓብ መጣ። ሸራ ላስተካክልልሽ ብሎ መጋዘን ገባ። እኔ ለቅሶ ቤት መድረስ ነበረብኝና ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። ስመለስ እሱ የለም። በሩ እንደነበረ ተቆልፏል።

ረቡዕ ስድስት ተኩል ሆነ።

ምንም።

ሰባት ሰዓት ሆነ... ምንም።

ተነስቼ መጋዘኑን ከፈትኩ።

በርሜሉ ቦታው ላይ ነው። ቢጫው ወረቀት አለ። የራስ ቅሉ አለ።

ድመቴ ተከትላኝ ገባች። እግሬን አልፋ ሄደች። በርሜሉ ላይ ዘለለች... ተጠቀለለች... ተኛች።

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ።

ለሙሰዓብ ደወልኩ። አነሳ።

«በርሜሉን ነካኸው?»

ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«አልነካሁም እታለም» አለ በሹክሹክታ።

«ማልልኝ።»

«ወላሂ።»

ወንድሜ በሐሰት ሲምል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ አመንኩ... ወይም ማመን ፈለግኩ። ለጠበቃው አልነገርኩም። ለአያ ያርጋልም አልነገርኩም። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ነው። ድመቷን እያየኋት ዝም አልኩ።

ሐሙስ ጥዋት አራት ሰዓት ላይ ሁላችንም ፍርድ ቤቱ ግቢ ተሰበሰብን፤ በርሜሉም ከመጋዘኔ ተጭኖ መጣ። አስራ አንዱም ቤት መጥቷል። ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ዳገቱን በእግር የወጡ ናቸው። አያ ያርጋል ያኔ ዓይናቸው ጭራሽ ጠፍቶ ነበር፤ የልጃቸውን ትከሻ ይዘው ነው የመጡት።

ባለሙያው ጭንብልና ጓንት አድርጎ ክዳኑን ፈታ። ቱቦ አስገባ። የቀዳውን በብልቃጥ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየው። ወረቀት ነከረበት። ደገመ።

ከዚያ ጭንብሉን አወለቀ።

«ውሃ ነው» አለ።

የድርጅቱ ጠበቃ እንኳ አልሳቀም። ቀድሞ የሚያውቀውን እንደሰማ ሰው ወረቀቱን ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

አያ ያርጋል ወደ በርሜሉ ውሰዱኝ አሉ። በመዳፋቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። ከስሩ የሆነ ቦታ ፈለጉ፤ በቅሎዋ ላይ ሲጭኑት ድንጋይ መትቶት የተሰረጎደ ቦታ ነበረው።

አልነበረም። ለስላሳ ነው።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እንዴት የቆምኩበትን እንዳወቁ አላውቅም።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «የሰጠሁሽን የት አደረግሽው?»



ክሱ በማስረጃ እጦት ውድቅ ሆነ። ቃለ አብ ይግባኝ እንላለን አለ፣ ግን ዓይኔን አላየኝም። ገበሬዎቹ አንድም ክፉ ቃል ሳይናገሩኝ ቁልቁለቱን ወረዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እነሱ ዘንድ አደራ የበላሁት እኔ ነኝ።

ሙሰዓብ ችሎት አልመጣም። ስልኩም አይሠራም።

በሳምንቱ አንድ ደንበኛዬ እግረ መንገዷን ነገረችኝ። ወንድምሽ ደህና ሥራ ያዘ አይደል፣ ዳባት ላይ የጭነት መኪና ስምሪት ያዥ ሆኗል አለችኝ። የማን መኪና እንደሆነ ጠየቅኳት።

የዚያው ድርጅት።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳባት ሄድኩ። የምለውን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ሸሀቡን በስንት ሸጥከው እለዋለሁ... በማን እጅ ያደግክ ነህ እለዋለሁ...

በሩን ሚስቱ ረህማ ከፈተችልኝ። ከስታለች። ልትስመኝም አልቻለችም።

«ጓሮ ነው» አለች። «ቧንቧው ጋ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አይነሳም።»

«ምን ይሠራል?»

«እጁን ይታጠባል።»

ከዚያ ክንዴን ይዛ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«እታለም ዚነት... ውሃ ከጠፋ እኮ አምስት ቀን ሆነው።»

ሄድኩ።

ቧንቧው ስር ተቀምጧል። የድርጅቱን ጃኬት ለብሷል፤ እጅጌው እስከ ክርኑ ተሰብስቧል። ቧንቧው ተከፍቷል፣ ምንም አይወርድም። እሱ ግን እጆቹን እያሸ ነው።

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«የት ነው?» አልኩት።

«ደፋሁት።»

«የት?»



«ሌላ ሰው እምቢ አለ» አለ። «እኔው በእጄ ደፋሁት። ከላይ ከመንገዱ... ከሰዎቹ ቤት በላይ። ጨለማ ነበር፣ የት እንደቆምኩ አላየሁም እታለም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሁለት እጆቹን ወደ እኔ ዘረጋ።

«አልደርቅ አለኝ» አለ።

አየሁት። ከጣቶቹ ጫፍ ላይ ጠብታ ይሞላል... ይንጠለጠላል... ይወድቃል። ሌላ ይሞላል። ሲወድቅ በዓይኔ አየዋለሁ፤ መሬት ሲነካ ጠብ ሲል እሰማዋለሁ።

ከእጆቹ ስር ያለው ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነበር። አቧራው እንኳ አልተነካም።