ለእህቷ ያወጣችው ስም

«ከመታመሟ በፊት አበላሏ እንዴት ነበር?» አለ ሐኪሙ፣ ከትንሿ ልጅ ጣት የወሰደውን የደም ጠብታ በመሣሪያው እየለካ።

«ኧረ ምግብ ዘግታለች ዶክተር! ሁለት ሳምንት ሆናት ከገበታ ከሸሸች» አለች እናቷ።

ታላቅ እህቷ አልጋው ግርጌ ቆማለች። እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ከወር በፊት የቋንቋ መምህራቸው ሰሌዳው ላይ «አልጠግብ ባይ» ብለው ጻፉና ዓረፍተ ነገር መሥርቱበት አሉ። እሷ ቀድማ እጇን አወጣች። «ታናሽ እህቴ የራሷን ምሳ በልታ የእኔንም ትጨርሳለች፤ አልጠግብ ባይ ናት።» ተማሪው ሁሉ አውካካ። መምህሩም «ጎሽ!» አሏት። እራት ላይ ስታወራው አባቷ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ትንሿ እጇን ወደ ዳቦ በሰደደች ቁጥር አንዱ «አልጠግብ ባይ መጣች!» ይላል፤ ታላቅየዋ ደግሞ «ቀስ፣ ሳህኑን እንዳትበዪው!» ትጨምርበታለች።

ትንሿ መጀመሪያ አብራ ትስቅ ነበር። በኋላ «ጠግቤያለሁ» እያለች መነሳት ጀመረች። አንድ ቀን ታላቅየዋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መኝታ ቤታቸው ውስጥ አገኘቻት፤ አልጋው ስር ተሸጉጣለች፣ ጉንጯ በደረቅ ዳቦ ተወጥሯል፣ ትልቅ የውሃ ጠርሙስ አቅፋለች።

«ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ፤ ይስቁብኛል።»

«እሺ በቃ። ግን ይሄ ሁሉ የት ነው የሚገባው?»

«እኔንጃ። በልቼም ይርበኛል።»

የደንብ ልብሷ ቀሚስ ሰፍቷት ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ታላቅየዋ አይታዋለች። አይታም ዝም አለች።

ዛሬ ጠዋት ትንሿ ሲያስመልሳት ቆይቶ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች።

«ዶክተር» አለች ታላቅየዋ። «ምግብ አልዘጋችም። ተደብቃ ነው የምትበላው። ውሃም ጠርሙስ ሙሉ ትጠጣለች። እኔ ነኝ… ስም ስላወጣሁላት ነው።»

እናቷ ዞር ብላ አየቻትና የትንሿን ብርድ ልብስ ማስተካከል ጀመረች። ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

«የስኳር በሽታ ነው» አለ ሐኪሙ። «የበላችው ደሟ ውስጥ ይቀራል እንጂ ለሰውነቷ አይደርሰውም። የእውነት እየራባት ነው የምትበላው። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ እዚህ ባልደረሰች ነበር። ቢሆንም ይሻላታል፤ ኢንሱሊን የሚባል መድኃኒት ግን በየቀኑ መወጋት አለባት።»

በሦስተኛው ቀን ነርሷ መርፌ ይዛ መጣች። «ቤት ውስጥ የሚወጋት ማነው?» እናቷ ተቀበለቻት፤ ጫፉን አየችና መልሳ አስቀመጠችው።

«እኔ ልማር» አለች ታላቅየዋ።

«እሷ?» አለች ትንሿ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች። «ነገ ለክፍሏ ልጆች ልታወራው ነው?»

ታላቅየዋ ልትምል አፏን ከፈተችና ተወችው። ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታጠበች። ተመልሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ ከመጀመሪያው ያሳዩኝ» አለች። «ቀስ ብለው።»