የጎደሉት ሦስት ቀናት

«ይኼ ወረቀት ከተሰቀለ ስንት ቀኑ ነው?» አሉ እትዬ ደልሲ፣ በከዘራቸው ጫፍ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ቆርቆር እያደረጉ።

ታምሲን በክለቡ አዳራሽ ለስብሰባው ወንበር እየደረደረች ነበር። ያነሳችውን ወንበር እንደያዘች ቀረች።

«ዛሬ ሃያ አንድ ሞላው» አሉ የክለቡ ጸሐፊ የሆኑት አያቷ ክላይቭ፣ ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው። «ደንቡ ሃያ አንድ ቀን ይላል፤ ሃያ አንድ ቀን ተሰቅሏል።»

«በዓይንህ አይተሃል?»

«እኔማ ያን ሰሞን በጉልበቴ ሕመም ሆስፒታል ተኝቼ አልነበር? ታሚ ናት የሰቀለችው። እሑድ ነው አይደል የኔ ልጅ?»

«አዎ፣ እሑድ» አለች ታምሲን።

አለችው እንግዲህ! ለሁለተኛ ጊዜ። የመጀመሪያውን በስልክ ነበር የዋሸችው። አያቷ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ደውለው «ሰቀልሽው?» ሲሏት፣ እሷ ጓደኛዋ ኢንዲ ቤት የዳንስ ቪዲዮ እየቀረጸች ነበር። ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። «ሰቀልኩት አባባ» አለች። ነገ እሰቅለዋለሁ ብላ ነው። ነገ ሌላ ነገር መጣ፣ ከነገ ወዲያም እንደዚያው፣ የሰቀለችው ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው። በዚያ ሳምንት ዝናቡ የጨዋታ ሜዳውን አጥለቅልቆት ክለቡ እስከ ረቡዕ ዝግ ስለነበር ማንም ልብ አላለም። እውነተኛው ቁጥር አሥራ ስምንት ነው።

ወረቀቱ ተራ ወረቀት ቢሆን ምን ነበረበት! በሣር ሜዳ ላይ ኳስ እያንከባለሉ የሚጫወቱበት የያራቢል ክለብ ከኮራኑ ትልቅ ክለብ ጋር ይዋሐድ እንደሆነ አባላቱ ዛሬ ድምፅ ይሰጣሉ። ድምፁ የሚጸናው ደግሞ የውህደቱ ስምምነት ሃያ አንድ ቀን ሙሉ በሰሌዳ ላይ ከቆየና ጸሐፊው ይህንኑ በፊርማው ካረጋገጠ ብቻ ነው። አባላቱ ሠላሳ አራት ቀርተዋል፤ ከሁሉም ወጣት የሚባሉት ሚስተር ኖርም፣ ሊቀመንበሩ፣ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ካልተዋሐዱ ገና ሳይደርስ መዝጋታቸው ነው። ትልቁ ክለብ ደግሞ ከወሩ መጨረሻ በኋላ አንጠብቅም፣ ሌላ ክለብ እንፈልጋለን ብሏል። የወሩ መጨረሻ የዛሬ አሥር ቀን ነው። ዛሬ ካልተወሰነ ሌላ ሃያ አንድ ቀን ከየት ይመጣል?

እትዬ ደልሲ ውህደቱን አይፈልጉም። የሜዳውን ሣር ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት በጭነት መኪና አምጥቶ፣ በገመድ እያስተካከለ የተከለው ሟቹ ባላቸው ነው። «ዛሬ ሜዳ ነው ይሉናል፣ ነገ የመኪና ማቆሚያ ያደርጉታል» እያሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲሟገቱ ከርመዋል። አሁን ግን አያቷ ብዕራቸውን አንስተው ማረጋገጫው ላይ ሲፈርሙ ቆመው አዩና በረጅሙ ተነፈሱ።

«እንግዲህ አንተ ከፈረምክ በቃኝ። ይኼን ሁሉ ዓመት ስንጫወት ሳትለካ ለካሁ ስትል ሰምቼህ አላውቅም።»

እውነታቸውን ነው። ጨዋታው ኳስን ወደ ትንሿ ነጭ ኳስ አስጠግቶ ማንከባለል ነው፤ ሁለት ኳሶች ከእሷ እኩል የራቁ ሲመስሉ፣ ክላይቭ ከኪሳቸው ክር አውጥተው ተንበርክከው ይለካሉ። በራሳቸው ላይ እንኳ ይፈርዳሉ። ባንኮኒው ላይ የተንጠለጠለችው ደወል እንኳ ለእሳቸው ተደውላ አታውቅም። ባርኔጣውን ሳያወልቅ ወደ አዳራሹ የገባ ሰው ደወሏ ይደወልበታል፣ ቤቱን ሁሉ ይጋብዛል። ያልተደወለበት የለም፣ ከክላይቭ በስተቀር።

ታምሲን በጓሮ በር ወጥታ ለኢንዲ ጻፈችላት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «አንቺ ደግሞ! ሦስት ቀን ምን ታመጣለች? ዝም በያ፣ ማን ሊያውቅብሽ።»

እሱማ ልክ ነው፤ ማንም አያውቅም። ዝም ብትል ክለቡ ይተርፋል፣ አያቷ ሜዳቸው ላይ ያረጃሉ፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ብትናገር ክለቡን የዘጋችው እሷ ናት። ግን እኮ ያ ፊርማ አለ! አባባ ያላዩትን ነገር በእሷ ቃል ፈርመዋል፣ እትዬ ደልሲም በዚያ ፊርማ ሙግታቸውን ትተዋል።

አያቷ ከስብሰባው በፊት እንደ ልማዳቸው ሜዳውን ሊያዩ ወጡ። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ነጭ ባርኔጣቸውንም ደፍተዋል። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ሣሩን ዳሰስ አደረጉት።

«ኳሱ ዛሬ ጥሩ ይንከባለላል» አሉ። «ምን ሆነሻል አንቺ? ፊትሽ ገርጥቷል።»

«አባባ... እሑድ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ወረቀቱን እሑድ አልሰቀልኩትም። ረቡዕ ነው።»

ክላይቭ ቀና አሉ። «ቅድም እሑድ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ። ዋሽቼ ነው። በስልክም ዋሽቼዎታለሁ።» እንባዋ መጣ፤ ተናደደችበት፣ በእጅጌዋ ጠረገችው። «አሁንም ዝም ልል ነበር።»

ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። ቢቆጧት በወደደች። እሳቸው ግን የሜዳውን ወዲያኛ ጫፍ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ጣታቸው ኪሳቸው ውስጥ ያለችውን ክር ይፈትል ነበር።

«አሥራ ስምንት» አሉ በመጨረሻ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል ነበር። «ፈርሜያለሁ እኮ፣ ታሚ።»

ሚስተር ኖርም ከበሩ ላይ «ክላይቭ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጧል! አንተን ብቻ ነው የምንጠብቀው!» ብለው ሲጣሩ፣ አያቷ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ወደ ውስጥ ሄዱ። ታምሲን ተከተለቻቸው።

ገና እግራቸው ደፉን ከማለፉ ደወሏ አቃጨለች።

«ባርኔጣ! ባርኔጣ!» አለ አንዱ። «ኧረ ክላይቭ ነው! ዛሬ ያልጠበቅነው መጣ!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። «ጉድ ነው፣ ጋብዘን እንጂ!» ይላሉ ከኋላ። የሳቁት ሁሉም አልነበሩም፤ እትዬ ደልሲ የክላይቭን ፊት አይተው ከዘራቸውን ጠበቅ አደረጉ።

አያቷ ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። እስከ ጠረጴዛው ሄደው የፈረሙበትን ወረቀት አነሱና ለሁለት ቀደዱት። ሳቁ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ።

«ድምፅ አንሰጥም» አሉ። «ማስታወቂያው የተሰቀለው አሥራ ስምንት ቀን ብቻ ነው። ሦስት ቀን ጎድሏል።»

«ምን ማለትህ ነው?» አሉ ሚስተር ኖርም፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «እኛ እኮ ጊዜ የለንም! ማነው ያዘገየው?»

ክላይቭ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነበር። ታምሲን አያቷ ሰው ፊት እንዲህ ሲያቀረቅሩ አይታ አታውቅም።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ወረቀቱን ለልጅቷ የሰጠኋት ዘግይቼ ነው። እሷ የለችበትም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። «አንተ? አንተ ክላይቭ?» ይላል አንዱ፣ ሌላው እጁን ያወናጭፋል። ታምሲን በሩ ጋ ቆማለች። አንዲት ኳስ እንኳ ሳይለኩ ያላለፉ ሰው፣ በእሷ ምክንያት፣ ሠላሳ ሦስት ሰው ፊት ዋሹ።

እጇን አወጣች።

«አባል ያልሆነ ሰው በስብሰባ አይናገርም» አሉ ሚስተር ኖርም፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ።

«ታዲያ ምን ችግር አለ? ስብሰባው ተሰርዟል አይደል እንዴ!» አሉ እትዬ ደልሲ። «ተናገሪ አንቺ ልጅ።»

አያቷ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁላት። አየቻቸው፤ ግን እጇን አላወረደችም።

«አባባ አልዘገዩም» አለች። «ወረቀቱን በሰዓቱ ነው የሰጡኝ። ያቆየሁት እኔ ነኝ።»