በሩ የመታው ክርን

ክሩን በቴኒስ ራኬቱ ቀዳዳዎች እያሾለከች ትስባለች። የመወጠሪያው ማሽን ሲጢጥ ባለ ቁጥር ዓይኗ ወደ በሩ ይሮጣል።

«አባትሽ ቢመጡስ?» አለ ቀጮ፣ ከመደርደሪያው ጥግ ቆሞ።

«አንተ በመስኮት፣ እኔ በበር።»

ሊስቅ ሞከረና መስኮቱን በዓይኑ ለካ።

አባቷ የቀጮ አሰልጣኝ ናቸው። በእንጨት ራኬትና ከከብት አንጀት በተሠራ ጅማት ዋንጫ ያነሱ ሰው። «መትተህ ወደ መረቡ ሩጥ!» ነው ትምህርታቸው። የዛሬ ልጆች ግን ከሜዳው ጀርባ ቆመው፣ በፕላስቲክ ክር ኳሷን እያሾሩ ይለቋታል። ቀጮ መረቡ ጋ ሳይደርስ ኳሷ በጎኑ ታልፈዋለች። ዛሬ ከሰዓት ከተሸነፈ ክለቡ ያሰናብተዋል፤ ለዚህ ነው ራኬቱን ተደብቀው በፕላስቲኩ ክር የሚወጥሩት።

አባቷ ደግሞ «አጨዋወቴን የናቀ ደጄን አይርገጥ» ብለዋል። ደጁ የእሷም ደጅ ነው።

«በዚህ ክር ብታሸንፍ አባዬ ይቀየምሃል» አለች።

«ብሸነፍ ከዚህ ከተማ እሄዳለሁ።»

ዓይኖቻቸው በክሮቹ መሃል ተገናኙ።

በሩ ተከፈተ።

አባቷ ናቸው። ክርናቸው በሻሽ እንደታሰረ ነው፤ «በር መታኝ» ካሉ ሳምንት አልፏል። ቀጮ ወደ መስኮቱ አልሄደም። እሳቸው ራኬቱን አንስተው ክሩን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። ጢን አለ።

«እንዴት አድርገሽ ነው የወጠርሽው?»

«እንደ ጅማቱ… እንዳስተማርከኝ።»

«ክንዱን ልትገነጥይው ነው! ጅማት ይለጠጣል፣ ይሄ ደረቅ ነው። ላላ ይበል።»

«አባዬ፣ በምን አወቅህ?»

አንገታቸውን ደፉ። «ክርኔን የመታኝ በር» አሉ ክሩን እያሳዩ፣ «ይኸውልሽ።»

ለካ ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ ብቻቸውን በዚህ ደረቅ ክር ሲጫወቱ ኖሯል ክርናቸውን የጎዱት።

ወደ ቀጮ ዞሩ። «አንተስ? እኔን ፈርተህ ከልጄ ጋር ትደበቃለህ?»

«ጋሼ፣ የፈራሁት እርስዎን አይደለም። ደጅዎ እንዳይዘጋብኝ ነው።»

ልጃቸውን አዩ። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች።

«ደጁ ክፍት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ጊዜ እንኳ ግን መረቡን ጠጋ በልልኝ።» ወጡ።

ክሩን ቆርጣ እንደገና ጀመረች፤ አሁን አላልታ። ቀጮ ራኬቱን ያዘላት። ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ ማንም አልሸሸም።

«ብሸነፍስ?»

«የትም ብትሄድ ክር መላላቱ አይቀርም። እኔ ጋ አምጣው።»

የመጨረሻውን ቋጠሮ አጠበቀች፤ ትርፉን ቆረጠች፤ ራኬቱን እስከ ከሰዓቱ ጨዋታ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቀለችው።