ቮንቫገኔ ውስጥ ማንን ነው ኖር ያልኩት?

ይሄ ነገር የደረሰው በእኔው ላይ ነው። ከሰው ሰምቼ አይደለም።

አውቃለሁ... የምታውቁኝ ሰዎች አሁን "ምንያህል ደግሞ ጀመረው" እያላችሁ ነው። እሺ፣ ልመን። ሠርጌ ላይ የተገኘው ሰው አምስት መቶ ሳይሆን መቶ ሃያ ነበር። ከማይን ወንዝ ያወጣሁት ዓሣም እንዳልኩት ልጄን አያክልም። ጫማዬን ቢያክል ነው።

እዚህኛው ላይ ግን ምንም አልጨመርኩም።

እንዲያውም ቀንሻለሁ።

ያለፈው ጥቅምት፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ከሩብ። ጻይልስሃይም፣ ፍራንክፈርት ዳር፣ ከመንደሩ ቤቶች ጀርባ ያለ ሣር የበቀለበት ግቢ። ጨለማ አልነበረም። ጉም ግን ወርዶ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ሁሉ ውጦታል።

ቮንቫገን ገዝቼ ነበር። ለማታውቁት፣ መኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት ቤት ነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ ውስጡ ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ "ቤተ መንግሥት ገዛሁ" ብያቸዋለሁ። ቤተ መንግሥቱ አምስት ሜትር ነው።

የሸጠልኝ ጀርመናዊ "የአክስቴ ነበር" አለኝ። ዕቃውን ሲያሳየኝ ግን አንድ ጊዜም ወደ ውስጥ አልገባም። ደጅ ቆሞ እጁን ብቻ እያስገባ፣ "ያ ምድጃው ነው... ያ ቁም ሳጥኑ ነው... ኋላ ያለው አልጋው ነው..."

ጫማውን ማውለቅ ሰንፎ ነው ብዬ አለፍኩት።

"አክስትህ አሁን የት ናቸው?" አልኩት።

ወደ ኋለኛው መስኮት አየ። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠና ሄደ። ቮንቫገኑም ለአንድ ወር እዚያው ግቢ እንዲቆይ ፈቀደልኝ።

በዚያ ቅዳሜ ታዲያ ልምምድ ልናደርግ ሄድን። እኔ፣ ባለቤቴ ሰገን፣ ልጃችን ኢየሩስና ጋሽ ዘውዴ። ጋሽ ዘውዴ በተማሪነት የመጡ የጥንት ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ። ሃያ ዓመት ቮንቫገን ጎትተዋል። በራሳቸው መኪና መጥተው ሊያስተምሩኝ ነው።

እኔን! ከኮምቦልቻ አሰብ ተሳቢ የነዳሁትን!

(ረዳት ሆኜ ነው የሄድኩት። ግን ሄጃለሁ።)

አዲስ ቮንቫገን የገዛችሁ ካላችሁ ይሄን ያዙት፤ ጋሽ ዘውዴ ያሉት እንዳለ ነው።

መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ቀጥሎ ለሁለቱም ጎማ ታኮ አድርጉ። ድንጋይ አይደለም፤ ታኮ። ከዚያ መጎተቻው ብረት ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡና የፊቷን ትንሽ ጎማ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ አስተካክሉ።

"አረፋዋን እያት" አሉኝ። "ከክብደት ነው የምትሸሸው። ውስጥ ያለ ሰው ወደ ኋላ ከሄደ አረፋዋ ወደ ፊት ትመጣለች። ገባህ?"

"ጋሼ፣ ይሄን እኮ ስወለድ ነው የማውቀው።"

"እንግዲያው የማታውቀውን ልንገርህ። በማኖቬላው፣ በዚህ ማዞሪያ ብረት፣ በየማዕዘኑ ያሉትን አራቱንም የብረት እግሮች ሳታወርድ ማንም እንዳይገባ። በተለይ የኋላዎቹን። ከባድ ሰው አልጋው ላይ ቢቀመጥ ፊቱ ከመሬት ይነሳል። ከኋላህ ደግሞ ያ አለ።"

ያ ያሉት ቦይ ነው። ከቮንቫገኑ ሦስት እርምጃ ላይ ያለ፣ በሲሚንቶ የተሠራ የጎርፍ ማውረጃ። ጥልቀቱ አስር ሜትር... እሺ፣ ሦስት ሜትር።

ማኖቬላውን ያዝኩ። የፊቶቹን ሁለት እግሮች አወረድኩ። የኋላዎቹ ዝገዋል፤ ሣሩም እርጥብ ነው፤ ሱሪዬም አዲስ ነው።

"አወረድክ?" አሉ ጋሽ ዘውዴ።

"አራቱንም!" አልኩ።

አራታችንም ገባን። ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ኢየሩስ ግን ሮጣ ኋላ ያለው አልጋ ላይ ወጣች። "ይሄ የኔ ነው!"

ሰባት ዓመቷ ነው። ግማሹን በጀርመንኛ ነው የምትመልስልኝ። አንድ ነገር ግን አስተምሬያታለሁ፤ ትልቅ ሰው ሲመጣ ተነሽ፣ ቦታ ልቀቂ። ኡ-ባን፣ የምድር ባቡሩ ውስጥ፣ አሮጊት ሲገቡ ብድግ ስትል ማየት ነበረባችሁ። ፍራንክፈርት በሙሉ ያጨበጭብላታል።

ሰገን ድፎ ዳቦ ቆረሰች፣ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳች። እኔ ኮምቦልቻ ላይ ተሳቢውን ከነጭነቱ በአንድ እጄ ወደ ኋላ ያስገባሁበትን ቀን እያወራሁ ነው።

"ባለፈው በሁለት እጅህ ነበር" አለች ሰገን።

"ተያት፣ የዛሬ ዓመት በአፍንጫው ነው የሚያስገባው" አሉ ጋሽ ዘውዴ።

ሳቅን።

ያኔ ነው ቮንቫገኑ ዝቅ ያለው...

ሰው ደረጃውን ረግጦ ሲገባ እንደሚለው። እንደዚያ። ሻዩ በብርጭቆው ውስጥ ተወዛወዘ።

ጀርባዬ ለበሩ ነበር። ማን መጣ ብዬ ዞር አላልኩም። እጄ ላይ ዳቦ ይዤ፣ ከመቀመጫዬ ከፍ ብዬ፣ ልማድ ነውና...

"ኖር!" አልኩ።

ሰገንም ብድግ አለች። ጋሽ ዘውዴም ወገባቸውን ያዝ አድርገው ከፍ አሉ።

"በእግዜር" የሚል ሰው ጠፋ።

ዞርኩ።

በሩ ክፍት ነው። ደጅ ጉም ብቻ።

"ማን ነው?" አለች ሰገን። ልታይ ወረደች። በወረደች ጊዜ ቮንቫገኑ ትንሽ ከፍ አለ። ትንሽ ብቻ።

ጋሽ ዘውዴ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ምንያህል..."

"አቤት ጋሼ።"

"አንድ ሰው ገብቷል።"

"ማንም የለም እኮ።"

"ዝቅ አለ አይደል? የገባው ከወጣ መልሶ ከፍ ይላል።" ድምፃቸው ጠፋ። "አልወጣም።"

ከዚያ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ፣ "የኋላ እግሮቹን አውርደሃል?"

እዚህ ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ...

"አውርጃለሁ" አልኩ።

"እግሩ ከወረደ ለምን ዝቅ ይላል?"

ዳቦዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ና ውጣ፤ እንየው" አሉ። "ኢየሩስ፣ ማማሽ እስክትወስድሽ ከቦታሽ እንዳትነቃነቂ።"

ወረድን። የኋላ እግሮቹን አዩ። ሁለቱም ወደ ላይ እንደታጠፉ ናቸው። ጋሽ ዘውዴ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ልጅቱን አውጣት። ቀስ ብለህ።"

በሩ ተዘጋ።

ንፋስ እንደሚመታው አይደለም። ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ብርድ እንዳይገባ ብሎ እንደሚዘጋው... ቀስ ብሎ።

ቁልፉ ኪሴ ነው። ከተትኩት። ዞረ። በሩ አልተከፈተም። ደግሜ አዞርኩት። እጀታውን ጎተትኩ። ሰገን እጄን ገፍታ እሷ ጎተተች።

"ኢየሩስ! ክፈቺ የኔ ልጅ!"

"ፓፓ..."

ድምጿ ከኋላ ነው የሚመጣው። በጣም ዝቅ ያለ።

"ነይ፣ በሩን ከውስጥ ግፊው!"

"አልችልም... መንገዱ ላይ እግራቸውን ዘርግተዋል።"

ሰገን አፏን በእጇ ያዘች።

"ማን?" አልኩ።

"አልጋዬ ላይ ተቀመጡ። እኔ ተነሳሁላቸው... አንተ አይደል ተነሽ ያልከኝ?"

ጋሽ ዘውዴ ከፊት በኩል ጠሩኝ። ጣታቸው ውሃ ልኩ ላይ ነው።

አረፋዋ መሃል የለችም። ወደ ፊት መጥታ መስታወቱ ጫፍ ላይ ተለጥፋለች።

"ልጅህ ስንት ኪሎ ናት?"

"ሃያ ሁለት።"

"ይሄ የሃያ ሁለት ኪሎ አይደለም" አሉ።

የፊቷ ትንሽ ጎማ ከሣሩ ተነሳች። አንድ ጣት ያህል... ከዚያ አንድ ክንድ። ያወረድኳቸው ሁለት እግሮችም አብረዋት ተነሱ። ውሃ ልኩ ተንሸራቶ ወደቀ።

መጎተቻው ብረት ላይ ተንጠለጠልኩ። ዘጠና ስድስት ኪሎ ነኝ፤ ይሄን በሐኪም ወረቀት ማሳየት እችላለሁ። ጋሽ ዘውዴም በሰባ አራት ዓመታቸው ተንጠለጠሉ። ሁለታችንም ወደ ላይ ተነሳን። እግራችን ሣሩን ለቀቀ።

ጎማው ታኮውን መግፋት ጀመረ። ይጮሃል... ቂ... ቂ...

ሰገን ማኖቬላውን አንስታ ወደ ኋላ ሮጠች።

"ከሥሩ እንዳትገቢ!" ጮኹ ጋሽ ዘውዴ። "ይጨፈልቅሻል!"

"ልጄ ናት!"

"ሰገን! ተመለሺ!" አልኩ። እኔ ተመለሺ ከማለት ሌላ ምን አልኩ? ምን አደረግኩ? ታኮ ነበረኝ። ማኖቬላ ነበረኝ። ክሪክ ነበረኝ። ቁልፍ ነበረኝ። ዕቃው ሁሉ ሣሩ ላይ ተበትኖ ያየኛል።

መስኮቱን ለመስበር ማንም ቢለቅ ቮንቫገኑ ይገለበጣል። ሁለታችንም አውቀነዋል። ይዘን ከመንጠልጠል ሌላ የምንችለው ነገር አልነበረም። ይዘንም እየወጣን ነበር።

"ፓፓ፣ ዕቃዎቹ እየተንሸራተቱ ነው..." አለች ከውስጥ። አታለቅስም። ብታለቅስ ምን አለበት...

ጋሽ ዘውዴ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ላባቸው ይንጠባጠባል።

"ኖር ያልከው አንተ ነህ።"

"ጋሼ፣ ልማድ እኮ ነው!"

"ጋብዘሃል። እሳቸውም ተቀመጡ። አሁን ተነሱ ልትላቸው ነው?"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ... ሌላ ቦታ ስጣቸው። ከዚህ የተሻለ።"

ከዚህ የተሻለ ምን አለኝ? ዞር ብዬ አየሁ። መኪናዬ እዚያው ቆሟል። የቀኝ በሩ ክፍት ነው፤ ዳቦውን ስናወርድ አልዘጋነውም።

ጋቢናው።

ትልቅ ሰው ሲመጣ ምን እንላለን? ጋቢና ይግቡ አይደል የምንለው?

አንድ እጄን ለቀቅኩ። ደረቴ ላይ አደረግኩት። ድምፄ እንደ ልጅ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

"ኖር... እማማ። እዚያ አይመችዎትም። ጋቢና ይግቡ።"



ታኮው መጮሁን አቆመ።

ከዚያ ቮንቫገኑ ሁለታችንንም ይዞ ወረደ። እግሮቹ መሬቱን መቱ። ጋሽ ዘውዴ ሣሩ ላይ ተንከባለሉ። በሩ በራሱ ተከፈተ፤ ኢየሩስ የግራ ጫማዋ ወልቆ በካልሲ ዘላ፣ ከኋላ ሮጣ የመጣችው እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ተረፈች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች።

ሦስታችንም ወደ መኪናዬ ነበር የምናየው።

መኪናው በቀኝ በኩል ዝቅ አለ።

ቀስ ብሎ... ዕድሜ የተጫነው ሰው ሲቀመጥ እንደሚለው።

ጋሽ ዘውዴ በራሳቸው መኪና ሄዱ። ጻይልስሃይም ውስጥ ታክሲ ጠርተን እንሂድ ብዬ ነበር፤ ሰገን ግን "ጋብዘህ ጥለህ ልትሄድ ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ። "ደግሞ ተመልሰው ይምጡብን?"

ሰገንና ኢየሩስ ኋላ ተቀመጡ። ሞተሩን አስነሳሁ።

ቲት... ቲት... ቲት...

ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ። የጋቢናው ተሳፋሪ ቀበቶ አላሰረም ይላል።

ጋቢናው ላይ ማንም የለም።

"እሰርላቸው" አለች ሰገን።

እጄን ዘረጋሁ። ቀበቶውን ሳብኩ። ቦታው ሳይደርስ እጄ የሆነ ቀዝቃዛ ነገር ነካ። ቸኮል ብዬ አሰርኩት።

ጩኸቱ ቆመ። እስከ ፕሮይንገስሃይም ቤታችን ድረስ ቀስ ብዬ ነዳሁ።

ቮንቫገኑን ወዲያው ሸጥኩት። አራቱንም እግር ራሴ አውርጄ ለገዢዎቹ አሳየኋቸው። ደጅ ቆሜ፣ እጄን ብቻ እያስገባሁ።

መኪናውን ግን ለማን ልሽጥ? ለማን ብዬ?

ከዚያ ወዲህ ሰገን ጋቢና ተቀምጣ አታውቅም። እኔም በየጠዋቱ ኤርፖርት ሥራ ስሄድ መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ ያንን ቀበቶ አስራለሁ። ሦስት ወር ሙሉ። አንድ ቀን ብረሳው ይጮሃል። ባልደረቦቼ ሊፍት ሲጠይቁኝ "ጋቢናው ተሰብሯል" እላለሁ። እኔ፣ ወሬ የማያልቅብኝ ሰውዬ፣ ሦስት ወር ለማንም አላወራሁም።

ዛሬ ጠዋት ለምን እንደጻፍኩት ልንገራችሁ።

አንድ ሰዓት ላይ ወረድኩ። ሞተሩን አስነሳሁ። ቀበቶውን አላሰርኩም ነበር።

አልጮኸም።

ጠበቅኩ። አጠፋሁትና እንደገና አስነሳሁት። ምንም። መኪናው በቀኝም በግራም እኩል ነው።

ሄዱ! አልኩ። በደስታ ሦስቱን ፎቅ በሁለት ዝላይ ወጣሁ። እሺ... እየሮጥኩ ወጣሁ። ለሰገን ልነግራት።

ሰገን መታጠቢያ ቤት ናት፤ ውሃው ይሰማል።

ኢየሩስ ወጥ ቤት ቁርሷን እየበላች ነው።

ቆማ።

ሳህኗን በእጇ ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ።

"ለምን አትቀመጪም የኔ ልጅ?"

አልመለሰችልኝም። በማንኪያዋ ብቻ አመለከተችኝ።

ወንበሯ ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ወጥቷል። ትራሱ መሃሉ ላይ ጎድጉዷል... እያየሁት ትንሽ ጨመረ።