ለበረከት እባብ የሠራሁት ሳጥን

መሐላ አልወድም። ይህን ግን ወላሂ ብዬ ነው የምጀምረው።

የሆነ ነገር ነው። በእጄ የሠራሁት፣ በዓይኔ ያየሁት።

አብረውኝ ያዩት ሴት ከሞቱ ቆይተዋል። ባለቤቴም አሁን በሕይወት የለም። ስለዚህ ምስክር አምጪ አትበሉኝ። የሚከብዳችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ ተዉት።

አስመራ፣ ገጀረት። ክረምቱ የ1959 ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

አዎ፣ ቀን ነው። ጨለማ አትጠብቁ።

አስመራ ከምሳ በኋላ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። ሰው ጋደም ይላል። መንገዱ ላይ የሚሰማ ነገር የለም። ለእኔ ከሌሊቱ ይልቅ ያ ሰዓት ነበር ጭር የሚለው።

ጀዋሂር እባላለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ ሻዕባን በምጽዋ መንገድ በሚመላለስ ካሚዮን ላይ ረዳት ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ልብስ እሰፋለሁ። የምንኖረው ከአንድ አሮጌ የጣሊያን ቪላ ጓሮ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው።

የቪላው ባለቤት ወይዘሮ ትብለጽ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። እንደ አገሩ ልማድ አደይ ነበር የምላቸው፤ እናቴ እንደ ማለት ነው። አማርኛውን የለመዱት ከልጃቸው ነው። ትምህርት ቤት ትግርኛው ከቀረ ወዲህ ልጁ ጮክ ብሎ ሲያጠና እየሰሙ።

አንድ ልጅ ነበር ያላቸው። በረከት።

በሰኔ መጨረሻ «ከረን ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ።

አልመጣም።

ወደ በረሃ፣ ወደ ሸማቂዎቹ እንደሄደ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። በዚያን ጊዜ ወጣት ልጅ ከቤት ሲጠፋ «የት ሄደ?» ተብሎ አይጠየቅም። እናትየውን በአክብሮት ሰላም ብሎ ማለፍ ነው።

በረከት ትቶት የሄደው አንድ ነገር እባቡ ነበር።

አትሳቁ። ከቆላ ያመጣው ትንሽ ዘንዶ ነው። ውፍረቱ የእጄን አንጓ ያህላል። መርዝ የለውም። ጓሮ ውስጥ ክዳን ባለው በርሜል ያኖረዋል። አንገቱ ላይ ጠምጥሞት ይቀመጣል፣ ያወራዋል። አደይ ግን እባብ ሲባል ገና ይንቀጠቀጣሉ። በርሜሉ ባለበት በኩል እንኳ አያልፉም ነበር።

ክረምቱ ከበደ።

አንድ ቀን አደይ ደጃፌ ላይ መጥተው ቆሙ። ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል። ከሰኔ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልጎበኛቸውም።

«ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እዚያ ውስጥ ይሞታል። በርሜሉ ውሃ ገብቶበታል።»

«እባቡ?»

«እወ።»

«ይሙት እንጂ አደይ። እባብ አይደለም?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀስ ብለው... ጭንቅላታቸው የከበዳቸው ይመስል።

«በረከት ሲመጣ... እባቤስ ሲለኝ... ምን እለዋለሁ?»



አባቴ ደሴ ውስጥ አናጢ ነበር። መዶሻና መጋዝ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ደክሞኛል፤ ስሰፋ ውዬ ጀርባዬ አይቃናም። ግን እሺ አልኳቸው።

እንጨት መግዣ እሳቸውም የላቸው፣ እኔም የለኝ። ከተጣለ ነገር መሥራት ነበረብን።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ጣሊያኖቹ ትተውት የሄዱ ቁም ሳጥን ነበር። በሮቹ ተሰባብረዋል፣ አካሉ ግን ደህና ነው። ተጋግዘን ከኋላ በረንዳው ላይ በጎኑ አጋደምነው። በሮቹን ነቀልኩ። በቦታቸው የአሮጌ መስኮት መስታወት ገጠምኩ፤ ወዲያና ወዲህ እንዲንሸራተት ከላይና ከታች ቀጭን ጣውላ መታሁለት። ስቱኮ መግዛት ስላልቻልን ክፍተቱን ሁሉ ሻማ እያቀለጥኩ ደፈንኩት። ለአየር ከላይ ቆርጬ፣ ከተበላሸ የሥጋ ማስቀመጫ ላይ የፈታሁትን ወንፊት ሽቦ ቸነከርኩበት።

አደይ ግንበኞች ያስተረፉትን አሸዋ በባልዲ አመላለሱ። አጥበን፣ በድስት እያመስን አደረቅነው። አንድ ቅርንጫፍ፣ አንድ የውሃ ሳህን። በአንደኛው ጫፍ አምፖል፣ እንዲሞቀው። ሌላኛው ጫፍ ጨለማ፣ እንዲደበቅበት። ከውጭ መቀርቀሪያ።

ስጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁት።

የተጋደመ ቁም ሳጥን... ርዝመቱ የሰው ቁመት።

መጋዙንና መዶሻውን ሰበሰብኩ። 

እባቡን በትራስ ልብስ ይዤ አመጣሁት። ቢስሚላህ ብዬ ለቀቅኩት።

ምላሱን አወጣ... አሸዋውን ቀመሰ... ወደ ጨለማው ጫፍ ተሳበ።

መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ።

ከዚያ ዞሮ ሸሸ። አምፖሉ ሥር ሄዶ ተጠቀለለ። ራሱን ወደ ጨለማው አድርጎ፣ እያየ ቀረ።

«ቤቱን አልለመደውም» አልኩ።

 አደይም የሚያዩት ወደ ጨለማው ጫፍ ነበር።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ የተያዘች አይጥ አስገባሁለት። በማግስቱ የለችም። በላ ብዬ ደስ አለኝ።

ግን...

በረከት አንድ ጊዜ ነግሮኝ ነበር። ዘንዶ የዋጠው ነገር ሆዱ ላይ ለቀናት አብጦ ይታያል። ይሄ ግን እንደ ገመድ ነው። ምንም እብጠት የለውም።

ሌላ አስገባሁ። እሷም ጠፋች።

ቀዳዳ ፈለግኩ። የለም። ሻማው እንዳለ ነው።

የውሃው ሳህን ሞልቼው ደርቆ ይገኛል። እባቡ ግን ከአምፖሉ ሥር ንቅንቅ አይልም። በየቀኑ እየከሳ ሄደ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መስታወቱን ልጠርግ ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሰፈሩ ተኝቷል።

በጨለማው ጫፍ በኩል መስታወቱ ጉም ይዟል። በጨርቅ ጠረግኩት።

አልጠፋም።

ከውስጥ ነው።

ክብ ነው፣ የስኒ አፍ የሚያህል። ይጠፋል... ይመጣል... ይጠፋል... ይመጣል...

እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ።

እባቡን ፈለግኩት። በወዲያኛው ጫፍ ነው። አምፖሉ ሥር።

ጎንበስ ብዬ አሸዋውን አየሁ። ተጨፍልቋል። የትከሻ ቦታ... የዳሌ ቦታ... የታጠፈ ጉልበት።

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። ቤቴ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ስፌቱ ላይ ተቀመጥኩ፤ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት ግን አቃተኝ።

ሻዕባን በማግስቱ ከምጽዋ ተመለሰ። ነገርኩት። አቧራ እንደ ለበሰ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰማኝ።

«ጀዋሂር፣ ደክሞሻል። ትንሽ ተኚ።»

«አንተ ሂድና እየው እስቲ።»

ጫማውን እየጎተተ ሄደ። ብዙም አልቆየ። ተመልሶ እጁን ታጠበ። ደጋግሞ ታጠበ።

«ምን አየህ?»

«ሌላ ቤት እንፈልግ።»

«ሻዕባን፣ ምን አየህ?»

«እንፈልግ አልኩሽ።»

እስከ ዕለተ ሞቱ አልነገረኝም።

ከዚያ በኋላ ወደ በረንዳው ላለመሄድ ወሰንኩ። ግን አንድ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ሳልፍ አደይን አየኋቸው። ሳጥኑ ፊት ተንበርክከዋል። መስታወቱን ከፍተው የሕምባሻ ቁራሽና አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ ጨለማው ጫፍ እየገፉ ነው።

እባብ ሲባል የሚንቀጠቀጡት ሴት! ክንዳቸው እስከ ትከሻ ሳጥኑ ውስጥ ነው።

«አደይ... እባብ ሕምባሻ አይበላም።»

«ዐውቃለሁ።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

ብርጭቆውን ትንሽ ገፋ አደረጉት።

«አደይ፣ ለማን ነው?»

ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በይ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደው።»

ባልዲውን እዚያው ትቼ ተመለስኩ።

በነሐሴ የጸጥታ ሰዎች መጡ።

የሚመጡበትን ሰዓት ያውቃሉ፤ ሰው ሁሉ የሚተኛበትን። ሲቪል የለበሱ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሽበት ያለው፣ ካፖርቱ በዝናብ የራሰ። ሌላኛው ወጣት። ስለ በረከት ጠየቁ።

«ከረን ነው» አሉ አደይ።

ቤቱን ፈተሹ። ቁጣም ስድብም አልነበራቸውም። ሽማግሌው ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን ይይዛል። እነሱም የሰለቻቸው ይመስሉ ነበር። እኔ አደይ አጠገብ ቆሜያለሁ።

በመጨረሻ በረንዳው ላይ ወጡ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሽማግሌው።

«የእባብ ቤት ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ አየ።

ቆየ...

ቀስ ብሎ ቀና አለ። እጁ ወደ ወገቡ ሄደ።

«ውጣ» አለ።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አንተን ነው። ውጣ። እጅህን አሳይ።»

ወጣቱ ደንግጦ ተጠጋና አየ። አምፖሉን አየ፣ ቅርንጫፉን አየ፣ ሽማግሌውን አየ።

«ጌታዬ... እባብ ብቻ ነው ያለው።»

«ጥጉ ላይ። ልጁን አታየውም?»

«የለም፣ ጌታዬ።»

ሽማግሌው መቀርቀሪያውን ከፈተ። መስታወቱን ገፋው። እጁን ወደ ጨለማው ሰደደ... እስከ ክርኑ... እስከ ትከሻው...

ቆመ።

 እጁን አላወጣም። ሊያወጣው ያልቻለ ይሁን ያልፈለገ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

 የአደይ እንባ ዝም ብሎ ይወርዳል።

በመጨረሻ እጁን አወጣ። መዳፉን ገልብጦ አየው። ከዚያ ወደ አደይ ዞረ። ድምፁ ተለውጧል።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ዐሥራ ዘጠኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። የካፖርቱን ኮሌታ ሰበሰበ።

«ብርድ ልብስ ይስጡት» አለ። «እጁ በረዶ ነው።»

ወጡ። ወጣቱ በር ላይ አንድ ነገር ሲጠይቀው ሰማሁ። ሽማግሌው መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ቤት ማንም አልመጣም።

አደይ የበረከትን ብርድ ልብስ ከአልጋው ላይ አወረዱ።

እኔ እባቡን እንዲሰጡኝ ጠየቅኳቸው። «ልውሰደው አደይ፣ ሊሞት ነው።»

«ውሰጂው» አሉ። ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

እጄን ስዘረጋለት ራሱ መጣ። ክንዴ ላይ ተጠመጠመ፣ አጥብቆ፣ ልክ ሰው ሲፈራ እንደሚይዝ። ሻዕባን በካሚዮኑ ወደ ቆላ ወስዶ ጊንዳዕ አካባቢ ቁጥቋጦ ውስጥ ለቀቀው። ድንጋይ ሥር ሲገባ አይቶታል።

ሳጥኑ ባዶ ሆነ ማለት ነው። አምፖሉ ግን ይበራ ነበር።

ከመስቀል በኋላ ጸጸራት የሚባል ሰፈር ቤት አገኘን። ዕቃችንን ጋሪ ላይ ስንጭን አደይ ሊሰናበቱን ወጡ። ከስተዋል። ግን ፊታቸው ላይ ያ ጥቁረት አልነበረም። እንቅልፍ የጠገበ ሰው ፊት ነው።

እጃቸውን ያዝኩ።

«አደይ፣ ብቻዎን አይሁኑ። ይምጡ፣ ከእኛ ጋር ይሁኑ።»

«ኣይፋል ጓለይ፣ አይሆንም» አሉ። «እኔ እዚሁ ይሻለኛል።»

«በረከት ቢመጣ እኮ ጎረቤት ይነግረዋል፣ የት እንዳሉ...»

ፈገግ አሉ። ከሰኔ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

«የቐንየለይ» አሉኝ፤ ምስጋናቸው ነው። «ቤት ሠርተሽልናል።»

ሠርተሽልናል።

ሻዕባን ትከሻዬን ነካ አድርጎ ጋሪው ላይ አወጣኝ። «ወደ ኋላ አትዪ» አለኝ በሹክሹክታ።

ጋሪው ተነሳ። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ የቪላው ግድግዳ ደረቅና ብሩህ ነው። ነፋስ የለም። የአጥሩ አበባ እንኳ አይነቃነቅም።

መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ዞሬ አየሁ።

አደይ በራቸው ላይ ብቻቸውን ቆመዋል። ቀኝ እጃቸውን እያወዛወዙልኝ ነው።

በግራ ትከሻቸው ላይ ነጠላቸው ጭምድድ ብሎ ተይዟል... ከኋላ የተዘረጉ ጣቶች እንደ ጨበጡት... አራት ረዣዥም እጥፋት...

አደይ ጉንጫቸውን ዘንበል አድርገው አሳረፉበት።