ታይፎይድ አልነበረም

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፤ ቦንጋ ላይ ፀሐይ ወጥታ ይዘንባል።

«ጅብ ወለደች!» አለ ሰሚር፣ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክፍል መስኮት ወደ ውጭ እያየ። «ተማሪው ሁሉ በረንዳ ላይ ተጠልሏል። ዛሬ የማይሰማን የለም!»

ሔርሜላ ሳቀች። ልቧ ይዘላል፤ ዝላዩ ግን እንደ ድሮው አላስፈራትም። ባለፈው ዓመት ልቧ እንዲህ ሲመታ አየር ያጥራት፣ ከአልጋዋ መነሳትም ያቅታት ነበር። ዛሬ እጇ የሚቁነጠነጠው ማይኩን ለመጨበጥ ነው። ከአንድ ሴሚስተር በኋላ የዕረፍት ሰዓቱን ፕሮግራም እንደገና ልታቀርብ ነው።

ፕሮግራሙ ሁልጊዜ የሚከፈተው ታመው በተመለሱ ተማሪዎች ስም ነው። አቅራቢው ስማቸውንና ሕመማቸውን ይናገራል፤ ግቢው «እንኳን ማረሽ!» ወይም «እንኳን ማረህ!» ብሎ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ዛሬ የመጀመሪያዋ ተመላሽ ራሷ ሔርሜላ ናት።

«ያንቺን እኔ እላለሁ» አለች ትሁት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተማረችው ጓደኛዋ። «ከታይፎይድ የዳነችው ሔርሜላ ኢሳያስ። አለቀ።»

ታይፎይዱን የፈጠረችው ትሁት ናት። ሔርሜላ ጅማ ሄዳ ሐኪሞቹ ድባቴ ያሉትን ሕመም ስትታከም፣ ትሁት ለጠየቃት ሁሉ ይህንኑ ስትመልስ ከረመች።

«እውነቱን ብናገርስ?»

«በናትሽ አትቀልጂ! ሙድ ይይዙብሻል። ‹ጋኔኑ ለቀቃት እንዴ?› ነው የሚሉት።»

«ይበሉ።»

«እንዴት ይበሉ! እኔ እኮ እንዳይነኩሽ ብዬ ነው…» የትሁት ድምፅ ወረደ።

«አውቃለሁ። ለዛ እኮ ነው የምወድሽ።»

«ሴቶች፣ ልንገባ ነው!» አለ ሰሚር፣ ድምፅ ማጉያውን እየከፈተ።

ሔርሜላ፣ ግቢው ሁሉ ታይፎይድ የያዛትን ልጅ እንኳን ማረሽ ሲላት ታያት። ያቺን ልጅ አታውቃትም። ጅማ ላይ መጀመሪያ እስከ መስኮቱ፣ ከዚያ እስከ በሩ፣ በኋላም እስከ መንገዱ የተራመደችው ሌላ ናት። እሷን ታውቃታለች፤ ሳታስበው ወዳታለች። እስካሁን ግን ማንም እንኳን ማረሽ አላላትም።

«ማይኩን ስጪኝ» አለች።

ትሁት አመነታች፤ ሰጠቻት።

«እንደምን አደራችሁ! ሔርሜላ ኢሳያስ ነኝ፣ ከአስረኛ ኤ። የታመምኩት ታይፎይድ አልነበረም። ድባቴ ይባላል። ታክሜያለሁ፤ መድኃኒቴን አሁንም እወስዳለሁ።»

በረንዳው ላይ የሆነ ልጅ ሳቀ። ትሁት ወደ መስኮቱ ሮጣ «እንኳን ማረሽ!» ብላ ጮኸች፤ ድምጿ መሐል ላይ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ጥቂቶች፣ ከዚያ ብዙዎች ተከተሏት።

ሔርሜላ ቀጣዩን ስም ጠራች። የዘጠነኛ ቢው ከፈለኝ ነበር፤ እጁ ተሰብሮ ድኗል።