ሰዓዲያ አቪኞን የዋለችበት ቀን

መስዑድ እንዲህ አለ፦ «መብራት እንደ ጠፋ ነው። ሰላህ በሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። እህቴ የፈረንሳዩን ስታወራ ከዚያው ከበሩ ሥር ሰው ተነሥቶ ወጣ። ቆይቶ ሲመለስ እግሬን ረግጦኝ ገባ። ሰላህ ካልሆነ ጂን ነው?»

ሪሃብ ደግሞ እንዲህ አለች፦ «ባሌ ከጎኔ ንቅንቅ አላለም። ትከሻው ትከሻዬ ላይ ነበር። ወላሂ አልወጣም።»

ኢንስፔክተር ይትባረክ ሁለቱን ቃሎች ሲያገላብጥ አደረ። አንዱ ውሸት ቢመስለው በቀለለው። የቸገረው ሁለቱም እውነት መምሰላቸው ነበር።

የሪሃብ አባት ሙኽታር ባሕር ዳር ውስጥ የታወቀ ጀልባ ሠሪ ነበር። ትናንት ምሽት ከቤቱ ጓሮ፣ ሐይቁ ዳር ካለው መሥሪያው ውስጥ፣ ሠርቶ ባልጨረሰው ጀልባ ሥር ወድቆ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ያገኘችው ራቱን ይዛለት የሄደችው ሪሃብ ናት። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር፤ በሐይቁ በኩል ደግሞ ደንገሉ ሰውም ጀልባም አያሳልፍም። ስለዚህ ገዳዩ በዚያች ሰዓት ሳሎን ከነበሩት አምስት ሰዎች አንዱ መሆን አለበት፦ ሪሃብ፣ ባሏ ሰላህ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም መስዑድ፣ እህቱ ሰዓዲያ፣ ወይም የሰዓዲያ ባልና የሟቹ የሥራ ሸሪክ ዳውድ።

ሰዓዲያ ፈረንሳይ ያለች ልጇን ጠይቃ መመለሷ ነው። ቤተሰቡ የተሰበሰበው አቪኞን የሚባለውን ጥንታዊ ከተማ በእግሯ ስትዞር የዋለችበትን ቀን ለመስማት ነበር። ሙኽታር ብቻ «ሥራዬን ልጨርስና እመጣለሁ» ብሎ መሥሪያው ቀረ። የጎረቤት ሆቴል ጄኔሬተር እየጮኸ ከጓሮ ምንም አልተሰማም።

ሰላህ ከሰዓት በኋላ ከአማቱ ጋር ስለ እንጨት ሲጨቃጨቅ ሠፈሩ ሰምቶታል። ይትባረክም በዚያውና በመስዑድ ቃል ተነሥቶ በዚያው ምሽት አሰረው። አሁን ግን ልቡ አልረጋለትም። ነገ ጠዋት ሰላህ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከይትባረክ እጅ ይወጣል።

ኮማንደሩ ስልክ ደወለ። «ይትባረክ፣ ያለቀ ነገር ምን ታንዛዛለህ?»

«ሁለቱ ቃሎች አልገጠሙልኝም።»

«ሚስት ለባሏ ብትመሰክር ምን ይገርምሃል? በል መዝገቡን አዘጋጅ።»

ይትባረክ ባጃጅ ይዞ ለቅሶ ቤቱ ደረሰ። ቀብሩ አልቆ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። መስዑድን ወደ ጥግ ጠራው።

«ሰውየው ሲወጣ እህትዎ ወሬውን የት አድርሰውት ነበር?»

«ቤተ መንግሥቱ ላይ። ድሮ የሮማ ጳጳሳት የኖሩበት ነው አሉ። የጎንደርን ግንብ ብትደራርበው አያክለውም እያለች፣ እኛም ጎንደርን አትንኪ እያልን።»

«ሲመለስስ?»

«ድልድዩ ላይ። መሃል ወንዝ ሲደርስ ቁርጥ ያለ ድልድይ አላቸው። ጎርፍ ወስዶት እንደዚያው ተውት። እንግዲህ ፈረንጅ ሲሰንፍ ያምራል፤ እኛ ብንተወው ስንት በተባልን።»

«ከቤተ መንግሥቱ እስከ ድልድዩ ምን ነበር?»

«ምሳ በሉ፣ ሰገደች፣ ሳቅን። የወንድሜን ገዳይ ነው የምትፈልገው ወይስ ፈረንሳይ ልትሄድ ነው?»

ሰዓዲያ ደግሞ ከነጭራሹ አላናገረችውም። «ወንድሜን አፈር አልብሼ ስለ ሽርሽር አላወራም» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ፎቶዎቹን ያየው ከመስዑድ ስልክ ላይ ነበር። ሰዓዲያ ማታ ልትልክ ሞክራ ኔትወርክ እምቢ ብሏት ኖሮ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የቤተሰቡ ቴሌግራም ውስጥ የገቡት። የከተማዋ ቅጥር ግንብ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ከዚያ አለት ላይ ያለ የአትክልት ቦታ። ሰዓዲያ መስገጃዋን ሣሩ ላይ ዘርግታ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ፊት ለፊቷ ወንዝ አለ። ይትባረክ ምንም አልታየውም። ስልኩን መለሰ።

ተመልሶ ጣቢያ ሄደ። ሰላህ እጁ ላይ ያለው የጀልባ ሬንጅ እንኳ አልለቀቀም። ከተያዘ ወዲህ ስልክም ዘመድም አላገኘም።

«በሩ ሥር ነበርህ?»

«መብራት ሳይጠፋ። ሲጠፋ ሪሃብ ጎን ሄድሁ።»

«ማን አየህ?»

«በጨለማ ማን ያያል?»

ይትባረክ ተነፈሰ። «እሺ፣ ቤተ መንግሥቱን አይተው ሲወጡ ምን ሆነ?»

ሰላህ እየቀለደበት መስሎት ትክ ብሎ አየው። «አክስቴ አትክልት ቦታ ላይ ሶላት ደረሰባቸው። እንደ አገራቸው ወደ ውኃው ዞረው ሲቆሙ አንዲት አልጄሪያዊት መጥታ ትከሻቸውን ይዛ አዞረቻቸው። እኔም ‹ለዓሣዎቹ ኢማም ሊሆኑ ነበር?› አልኋቸውና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ኢንስፔክተር፣ ይህ ምን ያደርግልሃል?»

ይትባረክም ምን እንደሚያደርግለት አላወቀም። ከሐዋሳ አልፎ የማያውቅ ሰው አቪኞንን በእግሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ሁለቱንም ጊዜ መንገዱ ተቋርጦበታል።

የቀረው ዳውድ ነበር። ዳውድ ለስላሳ ሰው ነው፤ ወንበር አቀረበለት፣ ውኃ አስመጣለት። ወሬውንም ከሁሉ አሳምሮ የነገረው እሱ ነው።

«ምን ልበልህ፣ አብሬያት የዞርሁ ነው የመሰለኝ። ከቤተ መንግሥቱ ወጥታ አለቱ ላይ ወጣች። አትክልት ቦታ ነው። ወንዙ ከፊቷ፣ ፀሐይ በግራ ጉንጯ፣ ልክ እዚህ እንደምንሰግደው ሰገደች። አገሬ ትዝ አለኝና አለቀስሁ ስትል ሆዴ ባባ።»

«እርስዎ የት ነበር የተቀመጡት?»

«ኧረ በዚያ ጨለማ ማን አስተውሎ? ለሶላት ታጥቤ፣ ውዱ አድርጌ ዘግይቼ ገባሁና ያገኘሁት ቦታ ቁጭ አልሁ።»

ይትባረክ አመስግኖ ወጣ። ሦስተኛው ዙር መሆኑ ነው፤ ራሱን አዞረው። ኮማንደሩ እንደገና ሲደውል ስልኩን ሳያነሣ ኪሱ ከተተው።

ግቢው ውስጥ የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ደርሶ ለቀስተኞቹ ተሰልፈዋል። ይትባረክ ለአክብሮት ጥግ ይዞ ቆመ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረዋል፤ የምዕራቧ ፀሐይ የሁሉንም ግራ ጉንጭ አቅልታዋለች። ሲያያቸው ቆየና ቀስ ብሎ ስልኩን አወጣ። የደወለው ግን ወደ ጣቢያው ነው።

«ሰላህን አምጡልኝ» አለ።

ሳሎኑ ውስጥ አምስቱም ትናንት እንደነበሩት ተቀመጡ። ሰላህ ካቴና እንዳደረገ ነው። ሪሃብ እጁን በነጠላዋ ሸፈነችለት።

«መስዑድ አልዋሸም» አለ ይትባረክ። «ከበሩ ሥር ሰው ወጥቷል። ሪሃብም አልዋሸችም። ሰላህ መብራት ሲጠፋ ወደ እሷ ሄዷል፤ የለቀቀውን ቦታ ዘግይቶ የገባ ሌላ ሰው ያዘው። መስዑድ በጨለማ ይህን አላየም።»

መስዑድ ወደ ዳውድ ዞረ፤ ዳውድ አቀርቅሯል።

«የወጣው ሰው ከቤተ መንግሥቱ እስከ ድልድዩ ያለውን ወሬ አልሰማም። ሰላህ ግን ሰምቶታል። ከተያዘ ማንንም ሳያገኝ፣ ፎቶም ሳያይ፣ አልጄሪያዊቷን ነገረኝ።»

«ለዓሣዎቹ ኢማም» አለች ሪሃብ ቀስ ብላ።

«አዎ። እዚህ መካ በሰሜን፣ በሐይቁ በኩል ነው። ከፈረንሳይ ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚሰግድ ሰው ፀሐይ ጀርባውን ነው የምትመታው። ወይዘሮ ሰዓዲያ ልማድ ይዟቸው ወደ ወንዙ ቆሙ፣ ልጃቸው ያኔ ፎቶ አነሣቻቸው፣ ሴትዮዋ ያዞረቻቸው ከዚያ በኋላ ነው። ከእናንተ አንድ ሰው ግን ወደ ወንዙ ሰገደች፣ ፀሐይ በግራ ጉንጯ ነበር፣ አለቀሰችም ብሎኛል። እናንተ የሳቃችሁበትን እሱ አልቅሶበታል። ዛሬ ጠዋት ፎቶውን አየ፣ የጎደለውን ከራሱ አሰጋገድ ሞላው። ለቅሶ ቤት ማንም ያንን ሳቅ ደግሞ አላነሣለትም።»

ዳውድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወሬ ተሳሳትሁ እንበል። በፈረንሳይ ወሬ ሰው ይታሰራል?»

«አይታሰርም» አለ ይትባረክ። «አለቃዬም ይህንኑ ነው የሚለኝ። ሌላ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ነገ የሚቀርበው ሰላህ ነው። ማንንም አላስገድድም።»

ሰዓዲያ ባሏን ታየዋለች።

«አለቀስሁ?» አለችው። «እኔ አለቀስሁ አልሁ?»

«ሰዓዲያ…»

«ድልድዩን ስነግራቸው መጥተህ እጄን ያዝኸኝ። እጅህ እርጥብ ነበር፣ የሐይቅ ውኃ ይሸት ነበር። ውዱ አድርጎ ሲገባ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ከውዱ የገባኸው ቀደም ብሎ ኖሯል፤ ያኔ ግን ሐይቁ ላይ ታጥበህ መመለስህ ነው።»

የዳውድ ትከሻ ወደቀ። «የመሥሪያውን ቦታ ለሰላህ አወርሰዋለሁ አለኝ። አብሬው ያረጀሁበትን ቦታ። ሎጅ ለሚሠሩ ሰዎች እናስተላልፈው ብዬ ልለምነው ነበር የወጣሁት። ገፋሁት፣ በቃ። ጀልባው ላይ ወደቀ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህ ነገር እዚሁ ይለቅ። ሽማግሌ ይግባበት፣ እኔም ካሣዬን እከፍላለሁ። አንቺ ካልተናገርሽ ፍርድ ቤቱ ምንም የለው።»

ሪሃብ የባሏን ካቴና እንደያዘች አክስቷን ቀና ብላ አየቻት። ሰዓዲያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ ንግግሯም ለይትባረክ ነበር።

«ነገ ፍርድ ቤት እኔ ነኝ የምቀርብ። አቪኞንን ከግንቡ ጀምሬ እስከ ድልድዩ እነግራቸዋለሁ፣ የእጁንም ጭምር።»